የፖለቲካና የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ሙያ በተነሳ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም። ዋና ዋናዎቹን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ጥናት በትክክል ስለ ምንድን ነው?

ሰዎች ስለ ሥልጣን፣ ስለ ግብር፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንብረትና ስለ ፍትሕ ያሰቡትን ይመረምራል። ማን አሰበው? መቼ? ማንን ሊያሳምን ፈልጎ? ማንን ፈርቶ?

ብዙ ሰው ከኢኮኖሚ ታሪክ ጋር ያምታታዋል። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ በ1815 እንግሊዝ ውስጥ ስንዴ ስንት እንደተሸጠ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ሰዎች ስለዚያ ዋጋ ምን እንዳሉ እንጠይቃለን። በዚያ ዓመት የብሪታንያ ፓርላማ የውጭ ስንዴ እንዳይገባ ከለከለ። ክልከላው የሚነሳው የአገር ውስጡ ዋጋ ኳርተር በሚባለው መስፈሪያ 80 ሺሊንግ ሲደርስ ብቻ ነበር። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ አሳቢ ቶማስ ማልተስ የውጭ እህልን መገደብ ደገፈ። ሌላው የኢኮኖሚ አሳቢ ዴቪድ ሪካርዶ ተቃወመ። ሁለቱም ሐሳባቸውን አሳትመው በአደባባይ ተከራከሩ። ሪካርዶ ስለ ትርፍና ስለ መሬት ኪራይ የደረሰበት ሐሳብ የበሰለው በዚህ ሙግት ውስጥ ነው። ሙግቱን ሳያውቁ ሐሳቡን ማንበብ የስልክ ወሬ ከአንድ ወገን ብቻ እንደመስማት ነው።

ሁለቱ ሰዎች ደግሞ የልብ ወዳጆች ነበሩ። ሪካርዶ በኦገስት 1823 መጨረሻ ለማልተስ ደብዳቤ ጻፈለት። በሐሳብ ብትስማማኝ ኖሮ እንኳ ከአሁኑ አብልጬ አልወድህም ነበር ይለዋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሪካርዶ ሞተ። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ሁለቱን የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ተፋጠው የቆሙ ጠላቶች አድርጎ ማየት ይከብደዋል።

ፖለቲካና ኢኮኖሚ ለምን አንድ ላይ ይጠናሉ?

ለረጅም ጊዜ አንድ ስለነበሩ። የተለያዩት እኛ ዘንድ ነው። አዳም ስሚዝ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሞራል ፍልስፍና መምህር ነበር። ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ሕግ፣ ስለ መንግሥት ገቢና ስለ ጦር ሠራዊት የሚያስተምረው በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ፍራንስዋ ኬኔ የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ሐኪም ነበር። በ1758 የአንድ አገር ሀብት ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚዘዋወር የሚያሳየውን ታዋቂ ሠንጠረዥ ያዘጋጀው ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውስጥ እየኖረ ነው።

ነገሩ በግልጽ የሚታየው በቱርጎ ታሪክ ነው። ቱርጎ አሳቢም ሚኒስትርም ነበር። የፈረንሳይን ገንዘብ የማስተዳደር ሥልጣን እንደያዘ፣ በሴፕቴምበር 1774 የእህል ንግድ በአገር ውስጥ ነፃ እንዲሆን አዋጅ አወጣ። የዚያ ዓመት አዝመራ ደካማ ነበር። ዳቦ ተወደደ። በ1775 ጸደይ ሕዝቡ በየገበያው ተነሳ፤ ታሪክ ይህን «የዱቄት ጦርነት» ይለዋል። ብዙ ቦታ ሰዎቹ እህሉን ዘርፈው አልሄዱም። ተገቢ ነው ያሉትን ዋጋ ራሳቸው ተምነው፣ ከፍለው ወሰዱ። ይህ ድርጊት ራሱ ሐሳብ አለው። እህል እንደማንኛውም ሸቀጥ አይደለም፣ ንጉሥም ሕዝቡን የማብላት ግዴታ አለበት የሚል የቆየ እምነት ነው። ቱርጎ በ1776 ከሥልጣን ወረደ። እንግዲህ ይህ የኢኮኖሚ ታሪክ ነው ወይስ የፖለቲካ? ለያይቼ ልንገራችሁ ብል አልችልም።

ኢኮኖሚክስ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ መለየት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። የአልፍሬድ ማርሻል ትልቁ የመማሪያ መጽሐፍ በ1890 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በተለያየ ፎቅ መኖር ጀመሩ። የቆዩትን መጻሕፍት ግን በዚህ አጥር ከፍለን ብናነብ ግማሹን እናጣለን።

ተመራማሪው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ነው የሚውለው?

ያነባል። አብዛኛው ሥራ ይሄው ነው። የሚነበበው ግን መጽሐፉ ብቻ አይደለም። ረቂቁ፣ ደብዳቤው፣ የመጽሐፉ ዳር ላይ የተጫረው ማስታወሻ፣ በመጀመሪያውና በሦስተኛው እትም መካከል የተሰረዘው አንቀጽ ሁሉ ይነበባል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደተቀየረ ለማወቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ትዕግሥቱን ለመረዳት የፒዬሮ ስራፋን ሥራ ማየት ይበቃል። በ1930 የብሪታንያ የሮያል ኢኮኖሚክ ሶሳይቲ የሪካርዶን ሥራዎችና ደብዳቤዎች አሰባስቦ እንዲያሳትም ኃላፊነት ሰጠው። ስራፋ ካምብሪጅ የሚኖር ጣሊያናዊ ኢኮኖሚስት ነው። ሥራውን ጀመረ፣ ዓመታት አለፉ። ሪካርዶ ለወዳጁ ለጄምስ ሚል የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን የሉም። ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ዋነኞቹ ደግሞ እነሱ ናቸው፤ ሪካርዶን ጻፍ ጻፍ እያለ የሚወተውተው ሚል ነበርና። የተወሰኑት ቅጾች ለኅትመት ከተሰናዱ በኋላ፣ በ1943፣ ደብሊን አጠገብ ራሄኒ በሚባል ቦታ አንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሣጥን ተከፈተ። ደብዳቤዎቹ እዚያ ነበሩ። ከእነሱ ጋር ሪካርዶ በመጨረሻዎቹ የሕይወት ሳምንታት ስለ ዋጋ ምንነት ሲጽፈው የነበረ፣ ያላለቀ ጽሑፍም ተገኘ። ቅጾቹ እንደገና ተዘረጉ። የመጀመሪያዎቹ በ1951 ወጡ። የመጨረሻው ቅጽ፣ ማለትም ማውጫው፣ የወጣው በ1973 ነው።

ለአንድ ሰው ሥራ ከአርባ ዓመት በላይ? አዎ። ሪካርዶን የሚጠቅስ ሁሉ ዛሬም የሚከፍተው ያንኑ እትም ነው።

ሁልጊዜ ግን ዕድል አይቀናም። ስሚዝ በጁላይ 1790 ሊሞት ቀናት ሲቀሩት ወዳጆቹን ጆሴፍ ብላክንና ጄምስ ኸተንን ለምኖ 16 ቅጽ የሚሆን የእጅ ጽሑፉን አስቃጠለ። ለኅትመት የማይበቃ ነገር ከኋላው እንዲቀር አልፈለገም። ስለ ሕግና ስለ መንግሥት ሊጽፈው ያሰበው ትልቅ መጽሐፍ በዚያው ቀረ። የተረፈልን ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ የያዙት ማስታወሻ ነው። አንደኛው ደብተር በ1895 ታወቀ። ሌላው፣ የበለጠ ዝርዝር ያለው፣ በ1958 ተገኘ። ስማቸውን የማናውቃቸው ተማሪዎች በጥንቃቄ ባይጽፉ ኖሮ የስሚዝን የሕግ ትምህርት ዛሬ አናውቀውም ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

መጽሐፉ ታትሞ ካለ፣ መቼ እንደተጻፈ ማወቅ ምን ይጨምራል?

አንዳንዴ የመጽሐፉን ትርጉም ከሥሩ ይገለብጠዋል። የእንግሊዛዊውን ፈላስፋ የጆን ሎክን ሁለቱን የመንግሥት ድርሳናት ውሰዱ። መጽሐፉ የወጣው በ1689 መጨረሻ ነው። በመግቢያው ላይ አዲሱን ንጉሥ ዊልያምን ያወድሳል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን አንባቢዎች ሎክ በ1688 እንግሊዝ ውስጥ ንጉሥ ጄምስ 2ኛ ወርዶ ዊልያም የነገሠበትን የመንግሥት ለውጥ ደግፎ፣ ከሆነ በኋላ የጻፈው አድርገው ወሰዱት።

የታሪክ ተመራማሪው ፒተር ላስሌት በ1960 ባሳተመው እትም ይህን አፈረሰ። ሎክ የትኞቹን መጻሕፍት መቼ እንደገዛ፣ መቼ እንዳነበበ፣ የት እንዳስቀመጠ ተከታተለ። ድምዳሜው የመጽሐፉ ዋና ክፍል የተጻፈው ከለውጡ በፊት፣ በ1679 እና በ1680ዎቹ መጀመሪያ ነው የሚል ነው። ትክክለኛው ዓመት ላይ ዛሬም ክርክር አለ። ቀድሞ መጻፉን ግን ዛሬ የሚጠራጠር ጥቂት ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? በድል ማግስት የተጻፈ መጽሐፍ ማንንም አያስቀጣም። በ1680ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ ከሆነ ግን ገና በሥልጣን ላይ ባለ ንጉሥ ላይ መነሳት ይቻላል የሚል ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ያስገድላል። የንጉሡ ተቃዋሚ አልጀርነን ሲድኒ በ1683 ሲሰቀል... ለነገሩ አንገቱን ነው የተቀላው፣ ከቀረቡበት ማስረጃዎች አንዱ ቤቱ የተገኘው ያልታተመ ጽሑፉ ነበር። በዚያው ዓመት ሎክ ወደ ሆላንድ ሸሸ። መጽሐፉንም ሲያሳትም ስሙን አልጻፈበትም። የእኔ ነው ብሎ ያመነው በ1704 ሊሞት ሲል በኑዛዜው ተጨማሪ ላይ ነው። ስለ ንብረትና ስለ ሕዝብ ፈቃድ የሚናገሩት እነዚያ የተረጋጉ ገጾች የተጻፉት እንዲህ ባለ ጊዜ መሆኑን ማወቅ አነባበባችንን ይለውጠዋል።

አዳም ስሚዝ «የማይታየው እጅ» አባት አይደለም እንዴ?

ይህ ጥያቄ የማይቀር ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ገበያው በራሱ ሁሉን ያስተካክላል ለማለት የሚጠቀሰው ይህ አባባል በስሚዝ ጽሑፎች ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው። ከተረፉት ጽሑፎቹ አንዱ ስለ ሥነ ፈለክ ታሪክ ነው። እዚያ ላይ የጥንት ሰዎች መብረቅና ነጎድጓድን የአማልክት ሥራ ያደርጉ እንደነበር ይናገራል። እሳት ማቃጠሉን፣ ውሃ ማርጠቡን ግን ለጁፒተር የማይታይ እጅ አልሰጡም ይላል። ስለ ገበያ አንድም ቃል የለውም።

ሁለተኛው በ1759 የወጣው ስለ ሞራል ስሜቶች የጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሀብታሙ የመሬት ጌታ ሆዱ ከድሃው ሆድ አይበልጥም። የተረፈውን የግድ ለሚያገለግሉት ያካፍላል። በማይታይ እጅ እየተመራ ነው ይለዋል።

ሦስተኛው በ1776 የወጣው ትልቁ መጽሐፉ «የአገሮች ሀብት» ውስጥ፣ በአራተኛው ክፍል ነው። ነጋዴ ገንዘቡን ሩቅ አገር ከሚልክ ቅርቡ ቢያሠራው ደስ ይለዋል። ምክንያቱም ሩቅ አገር ያለ ገንዘብ ያሳስባል፤ ባለዕዳውን አታውቀውም፣ የአገሩንም ሕግ አታውቅም። እንዲህ ለራሱ ደኅንነት ሲያስብ፣ ሳያስበው የአገሩን ምርት ያሳድጋል። የማይታየው እጅ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ።

ታዲያ የተቀረው ገጽ ስለ ምን ያወራል? ስለ ብዙ ነገር። አሠሪዎች የሠራተኛን ደመወዝ ከፍ ላለማድረግ ሁልጊዜም በየትም ቦታ በዝምታ ይስማማሉ ይላል። ሕጉ የሠራተኞችን ማኅበር ሲከለክል የአሠሪዎችን አይከለክልም ብሎ ይወቅሳል። የምሥራቅ ህንድ ኩባንያን በሞኖፖሊው አጥብቆ ይነቅፋል። ነጋዴዎች ሕግ ይውጣልን ሲሉ ሕዝቡ ተጠንቅቆ ይስማቸው ይላል። ባንኮች ትንንሽ የገንዘብ ወረቀት እንዳያወጡ መከልከል ነፃነትን እንደሚነካ ያምናል፤ ግን እሳት እንዳይዛመት በቤቶች መካከል ግንብ እንዲሠራ ከማስገደድ አይለይም ብሎ ክልከላውን ይደግፋል። የወለድ መጠን በሕግ እንዲወሰን ፈልጓል። በዚህም ጄረሚ ቤንታም በ1787 አራጣን ደግፎ በጻፈው መጽሐፍ ሞግቶታል። ከስሚዝ በላይ ለነፃ ገበያ የቆመው ቤንታም ሆነ ማለት ነው።

የስፒል ፋብሪካውንም ሁሉም ያውቀዋል። 10 ሰዎች ሥራ ተከፋፍለው በቀን 48,000 ስፒል ይሠራሉ። ይህ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ክፍል ግን ስሚዝ ወደዚያው ሠራተኛ ይመለሳል። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሁለት እንቅስቃሴ ሲደጋግም የኖረ ሰው አእምሮው ይደነዝዛል፣ ስለ አገሩም ጉዳይ መፍረድ ይሳነዋል ይላል። መድኃኒቱ? መንግሥት ለተራው ሰው ልጆች ትምህርት ያመቻች። የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሚጠቅስ ሰው ብዙ ነው። እስከ አምስተኛው ክፍል የሚዘልቀው ግን ጥቂት ነው። እኔ ይህ ያናድደኛል። መጽሐፉ ሁለቱንም ይዟልና።

ይህን ሁሉ ስል ስሚዝ የነፃ ንግድ ጠበቃ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበር። የንግድ ገደቦችን በጽኑ ተቃውሟል። ግን ነፃነቱን የፈለገው በአብዛኛው ጉልበተኞቹ ሕጉን ለራሳቸው ጥቅም እየጠመዘዙ ነው ብሎ ስላመነ ነው። «ገበያው ሁሉን ያስተካክላል» የሚለው መፈክር የተለጠፈበት ከሞተ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ ባብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እሱ ራሱ ደግሞ ከ1778 ጀምሮ የስኮትላንድ የጉምሩክ ኮሚሽነር ሆኖ ቀረጥ ሲያስከፍል ነው የሞተው።

ማርክስስ? ስለ እሱ ያልተባለ ነገር አለ?

ስለ ማርክስ የሚደንቀው ተከታዮቹ ያላነበቡት ነገር ብዛት ነው። በ1844 ፓሪስ ሳለ፣ በ26 ዓመቱ፣ ሠራተኛው ከሠራው ነገር እንዴት ባዳ እንደሚሆን የጻፋቸው ወረቀቶች በሙሉ የታተሙት በ1932 ነው። ሮዛ ሉክሰምበርግ በ1919 ተገድላለች። ሌኒን በ1924 ሞቷል። ሁለቱም እነዚያን ገጾች አላዩም። በ1857 እና 1858 የጻፈው ትልቅ ረቂቅ ደግሞ ሞስኮ ውስጥ በ1939 እና በ1941 ታተመ። በጦርነት መሀል ማን ያንብበው?

የ«ካፒታል» ነገርም አለ። ማርክስ ራሱ አጠናቆ ያሳተመው በ1867 የወጣውን አንደኛውን ቅጽ ብቻ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከሞተ በኋላ ወዳጁና የሥራ ባልደረባው ኤንግልስ በ1885 እና በ1894 አወጣቸው። ሦስተኛው ቅጽ የተሠራው ማርክስ በ1860ዎቹ አጋማሽ ከጻፈው ረቂቅ ነው። ረቂቁ ራሱ በ1990ዎቹ ሲታተም ኤንግልስ የት ላይ እንዳስተካከለ፣ የት ላይ እንዳዘዋወረ፣ የት ላይ እንዳጠነከረ ታየ። ኤንግልስ አበላሸው የሚሉ አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሊነበብ የማይችል የእጅ ጽሑፍ ይዞ፣ ዓይኑ እየደከመ፣ የሚችለውን ያህል ታማኝ ሆኗል። ግን አሁን የትኛው የማን እንደሆነ ለይቶ ማየት ይቻላል።

የማርክስንና የኤንግልስን ሥራዎች በሙሉ ማሳተም የተጀመረው በ1920ዎቹ በሶቪየት ኅብረት፣ በዴቪድ ሪያዛኖቭ ነው። ሪያዛኖቭ በ1931 ከሥራው ተባረረ። በ1938 ተረሸነ። በማርክስ ስም በሚምል መንግሥት ውስጥ፣ ማርክስ በትክክል የጻፈውን ለማሳተም የደከመ ሰው የገጠመው ይህ ነው። ሥራው በ1975 እንደ አዲስ ተጀምሮ ዛሬም አላለቀም።

ማኪያቬሊ «ዓላማ መንገዱን ይቀድሳል» ብሏል?

በእነዚህ ቃላት አላለም። የፍሎረንሱ ጸሐፊ ማኪያቬሊ ስለ ገዥዎች በጻፈው «ልዑሉ» ውስጥ ሰዎች የገዥን ሥራ በውጤቱ ይመዝናሉ የሚል ሐሳብ አለ። ያ ስለ ሰዎች ፍርድ የተሰጠ ምልከታ ነው። መጽሐፉን የጻፈው በ1513 ከሥልጣን ተባርሮ፣ ታስሮና ተሰቃይቶ፣ ገጠር ሲቀመጥ ነው። በዚያ ዓመት ዲሴምበር 10 ለወዳጁ ለቬቶሪ በጻፈው ደብዳቤ፣ ማታ ማታ የጭቃ ልብሱን አውልቆ የቤተ መንግሥት ልብሱን ለብሶ የጥንት ጸሐፊዎችን እንደሚያነብ ይነግረዋል። መጽሐፉ የታተመው ከሞተ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1532 ነው።

ጥናቱ የአውሮፓውያን ብቻ ነው?

አይደለም። ግን ብዙ መማሪያ መጻሕፍት እንደዚያ ያስመስሉታል።

ኢብን ኻልዱን በ1332 ቱኒስ ተወለደ። በሰሜን አፍሪካና በአንዳሉስ ቤተ መንግሥቶች አገልግሏል፣ ታስሯል፣ ግብርም ሰብስቧል። ከዚያ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር አንድ አምባ ላይ ተቀምጦ «ሙቀዲማ» የተባለውን መጽሐፉን በ1377 ጻፈ። መንግሥት ሲጀምር ግብሩ ጥቂት፣ ገቢው ግን ብዙ ነው፤ ሲያረጅ ግብሩ ብዙ፣ ገቢው ጥቂት ይሆናል ይላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ1981 ግብር መቀነስን ሲሟገቱ ይህን ጠቅሰዋል።

እዚህ ላይ የተመራማሪው ሥራ ይጀምራል። ኢብን ኻልዱን የሚናገረው ስለ ነገሥታት ሥርወ መንግሥት ዕድሜ ነው። ከበረሃ የመጡት ገዥዎች አንድነታቸው ጠንካራ፣ ኑሯቸውም ቀላል ነበር። ልጆቻቸው ድሎት ለመዱ። ወጪው በዛ፣ ግብሩም በዛ። ገዥው ራሱ ንግድ ውስጥ ገብቶ ከነጋዴው ጋር ሲፎካከር ነጋዴው ተስፋ ቆርጦ ሥራውን ተወ። ጥቅሱ ትክክል ነው። ግን ከዙሪያው ተነጥሎ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆኗል።

ህንድ ውስጥ ደግሞ ለካውቲልያ የሚሰጠው «አርታሻስትራ» አለ። ግብርን፣ ማዕድንን፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝንና ስለላን በዝርዝር የሚያወራ ትልቅ የአስተዳደር መጽሐፍ ነው። ለዘመናት ስሙ እንጂ ሙሉ ጽሑፉ አይታወቅም ነበር። በ1905 ማይሶር ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ሻማሳስትሪ በዘንባባ ቅጠል ላይ ተጽፎ አገኘው፣ በ1909 አሳተመው። ደራሲውና ዘመኑ አሁንም ያከራክራል።

ሴቶች የት አሉ?

አሉ፣ የተዘነጉ ናቸው እንጂ። ጄን ማርሴት በ1816 የፖለቲካ ኢኮኖሚን በጭውውት መልክ አስተማረች። ሪካርዶ የራሱን ዋና መጽሐፍ ያወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሃሪየት ማርቲኖ ከ1832 እስከ 1834 በየወሩ የኢኮኖሚ ሐሳቦችን በልብ ወለድ መልክ አወጣች፤ ሕዝቡ ተሻማበት። ሶፊ ደ ግሩሺ በ1798 የስሚዝን የሞራል መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ መልሳ፣ የማትስማማበትን በራሷ ደብዳቤዎች ጨምራ አሳተመች።

የሃሪየት ቴይለር ጉዳይ ይከብዳል። የጄምስ ሚል ልጅ ጆን ስቱዋርት ሚል፣ የሃሪየት ወዳጅ በኋላም ባሏ፣ በ1848 ባወጣው የኢኮኖሚ መጽሐፍ ስለ ሠራተኛው መደብ ወደፊት የሚያወራው ምዕራፍ የእሷ ሐሳብ እንደሆነ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ፍቅር ያናገረው ነው ብለው አልፈውታል። እኔ ይህን አልቀበልም። ወንድ ጸሐፊ ለወንድ ወዳጁ ውለታ ሲመሰክር እናምነዋለን። እዚህ ላይ ብቻ ምስክሩን የምንጥልበት በቂ ምክንያት አላየሁም።

አንድን አሳቢ በዘመኑ ማንበብ ካለብን፣ ለዛሬ ምን ይጠቅመናል?

እንግሊዛዊው የታሪክ ተመራማሪ ክዌንቲን ስኪነር በ1969 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ክርክር አጠንክሮ አቀጣጠለው። ጸሐፊ ሲጽፍ አንድ ነገር እያደረገ ነው፤ እየተሟገተ፣ እየተከላከለ፣ እየሸነገለ። ምን እያደረገ እንደነበር ካላወቅን ምን እንዳለ አናውቅም ይላል። ተቺዎቹም መልስ አላቸው። እንዲህ ከሆነ የጥንቱ ጸሐፊ ለእኛ የሚለው ነገር አይኖርም፣ ሙዚየም ውስጥ ይቀመጣል ይላሉ።

እኔ ከስኪነር ወገን ነኝ። ሎክ ዛሬ የሚጠቅመኝ ለዛሬ ጥያቄ መልስ ስላለው አይደለም። የእኔ ዘመን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚቆጥረው ነገር አንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በሰዎች ክርክር የተወሰነ መሆኑን ስለሚያሳየኝ ነው። የብሪታንያ ፓርላማ በ1846 የእህል ገደቡን ሲሽር ከ30 ዓመት በፊት ዕብደት የተባለው ሐሳብ ተራ ነገር ሆኖ ነበር። እንዴት ሆነ የሚለውን መከታተል ለዛሬ ክርክርም ዓይን ይከፍታል።

የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍሎች ለምን ችላ ይሉታል?

ብዙ ኢኮኖሚስት የቀድሞው ትክክል ሐሳብ ሁሉ በአሁኑ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ተጠቃሏል ብሎ ያምናል። ፊዚክስ ለማወቅ ኒውተንን ማንበብ አያስፈልግም ይላሉ። በ2007 የአውስትራሊያ የስታትስቲክስ ቢሮ የምርምር ዘርፎችን ሲከልስ ይህን ጥናት ከኢኮኖሚክስ አውጥቶ ከታሪክና ከፍልስፍና ጋር ሊያስቀምጠው አስቦ ነበር። ከየአገሩ ተቃውሞ ጎረፈና ቀረ። ለውጡ ቢጸና ኖሮ በኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ለእነዚህ ተመራማሪዎች ገንዘብም ቦታም ይጠፋ ነበር።

ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ። ቤተ መዛግብት መሄድ ለምን?

ብዙ ነገር አለ፣ ሁሉም ግን የለም። ደግሞም ወረቀቶቹ ያልታሰበ ቦታ ናቸው። የስሚዝ የግል መጻሕፍት አንድ ክፍል ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። ጃፓናዊው ምሁር ኒቶቤ ኢናዞ ገዝቶ በ1920 ገደማ የሰጣቸው ናቸው። የኦስትሪያዊው ኢኮኖሚስት የካርል ሜንገር ቤተ መጻሕፍትም ጃፓን፣ ሂቶትሱባሺ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የማርክስ የእጅ ጽሑፎች አብዛኛው ክፍል አምስተርዳም ነው። የዳር ማስታወሻ፣ የተሰረዘ ቃል፣ የቀለም ለውጥ ፎቶው ላይ ሁልጊዜ አይወጣም።

ከየት ልጀምር?

ከትልቁ መጽሐፍ አትጀምሩ። አጭር ነገር ያዙ። የስሚዝ ወዳጅ የነበረው የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1752 ስለ ንግድ ሚዛን የጻፈው ድርሰት ጥሩ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ካለው ገንዘብ አምስት አራተኛው... አይደለም፣ ከአምስት እጅ አራቱ በአንድ ሌሊት ቢጠፋ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። ዋጋ ይወርዳል፣ የአገሩ ዕቃ በውጭ ይፈለጋል፣ ገንዘቡ ይመለሳል ይላል። በአንድ ምሽት ታነቡታላችሁ።

ከዚያ ሂዩም ኤፕሪል 1 ቀን 1776 ለስሚዝ የጻፈውን ደብዳቤ ፈልጉ። «የአገሮች ሀብት» ከወጣ ወር አልሞላውም። ሂዩም በጠና ታሟል፤ በኦገስት ይሞታል። መጽሐፉን ያደንቃል፣ ስጋቱ እንደለቀቀው ይናገራል። ወዲያው ግን የመሬት ኪራይ የእህል ዋጋ አካል ነው ማለትህን አልቀበልም ይለዋል። የዚህ ነጥብ ክርክር ከ40 ዓመት በኋላ ሪካርዶና ማልተስ ዘንድ ይቀጥላል። ሦስቱን ጽሑፎች፣ የሂዩምን ደብዳቤ፣ ስሚዝ ስለ ኪራይ የጻፈውን ምዕራፍና የሪካርዶን የኪራይ ምዕራፍ፣ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አንብቡ። እርሳስ ይዛችሁ ማን ለማን እየመለሰ እንደሆነ ዳር ላይ ጻፉ።